ምድጃዬን ለማዳን ፒያሳ የሄድኩበት ሦስት ቀን

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን የተነሳሁት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለሽርሽር አይደለም፣ ለለቅሶም አይደለም። የዳቦ ምድጃዬን ለማዳን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን አንድ ሕንፃ አለን። ከታች የእኔ ዳቦ ቤት፣ የበላቸው የሕንፃ መሣሪያ መደብርና የአየለ ሥጋ ቤት፤ ከላይ የወይዘሮ አስካለ ፔንሲዮን። የገባልን የመብራት መስመር አንድ ነው፤ ለአራታችን አይበቃም። እኔ ምድጃ ሳሞቅ፣ አየለ ትልቁ ፍሪጁ ሲነሳበት፣ ወይዘሮ አስካለ ለእንግዶቿ ውኃ ስታሞቅ ብሬከሩ ይወድቃል። በቀን ሁለቴ ሦስቴ እንጨልማለን። ጥፋተኛው ምንጊዜም የእኔ ምድጃ ነው። በመጨረሻ ተሰብስበው ወሰኑ፤ ወይ የሕንፃው ፍጆታ ይቀንሳል፣ ወይ ምድጃው ይወጣል። ምድጃው ወጣ ማለት እኔ ወጣሁ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የጋገርኩበት ቤት ነው።

በዚህ መሃል መብራት የሚሸጥልን መሥሪያ ቤት ፕሮግራም አምጥቷል ተባለ። የድሮውን አምፖል፣ ፍሪጅና ምድጃ አውጥቶ ቆጣቢውን ለሚያስገባ የንግድ ሕንፃ ከወጪው ከፊሉን ይሸፍናል። እኔ አላመንኩም። ቅቤ ነጋዴ "ትንሽ ግዙ፣ እኔ ልክፈላችሁ" ሲል ሰምቼ አላውቅም። በላቸው "እንግዲያው አንተ ሂድና እይ። ማንንም ስለማታምን የሚያታልልህ የለም" አለኝ። ፒያሳ ውስጥ ይህን የሠራ ሕንፃ አለ ብለው ቦታውን በወረቀት ጻፉልኝ።

ለማንኛውም ተመዝግበናል፤ ሐሙስ ጠዋት ፍጆታ ለኪዎች ይመጣሉ። ሥራው የሚጀመረው ሕንፃው በአንድ ሳምንት የሚፈጀውን በመሣሪያ በመመዝገብ ነው። እኔ ታዲያ ከመሄዴ በፊት በየቤቱ ዞሬ "ሐሙስ ሲመጡ የቻላችሁትን ሁሉ አጥፉ፤ ብዙ እንደምንፈጅ ካዩ እንኳን ሊረዱን ያለንንም ይቆርጡብናል" ብዬ መከርኩ። ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ምድጃ አጥፍቶ ጨርቅ ማልበስ ያደግንበት ነው። ሁሉም እሺ አሉ። በዕድሜዬ ምክሬን ሁሉም የተቀበሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ሚኒባሱ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር አስከፈለኝ። የኅዳር ውርጭ ሜዳውን አንጥቶታል፤ የመኪናው መስኮት አይዘጋም። ጫጫን አልፈን ሸኖ ላይ ለሻይ ቆምን። ዳቦው ከውጭ ቀይ ነው፣ ውስጡ ሊጥ። ለሻይ ቤቱ ባለቤት ነገርኳት።

"ምድጃሽ ሳይግል ነው ያስገባሽው።"

"ጋሼ፣ ምክሩም ይከፈልበታል ወይስ ዳቦውን ብቻ ነው የሚከፍሉት?" አለችኝ። ሰው ሳቀ። ዳቦውን ጨርሼ ከፈልኩ።

ከአራት ሰዓት በፊት ላምበረት መናኸሪያ ገባን። ከዚያ በሌላ ሚኒባስ በመገናኛ፣ በአራት ኪሎ አድርጌ ፒያሳ ወረድኩ። ረዳቱ "ፋዘር፣ ሻንጣዋን እቅፍ ያድርጓት፣ ትፈራለች" አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት መኪናው ሄደ። ፒያሳ ላይ ሰው ሳይሳደብ ይሰድብሃል፤ ሲገባህ እሱ ሩቅ ደርሷል።

ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ በርክቷል፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። የማውቀው ምግብ ቤት የነበረበት ቦታ ሣር ሆኗል። ቆሜ አየሁትና ሄድኩ። ጊዮርጊስ አጠገብ በሰባት መቶ ብር አልጋ ያዝኩ። አልጋው ከክፍሉ ይበልጣል፤ ግን ንጹሕ ነው፤ ውኃም ነበረው።

ማክሰኞ

ሕንፃው ከጊዮርጊስ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲወርዱ በስተግራ ነው። ባለ ሦስት ፎቅ፣ ግድግዳው የጣሊያን ጊዜ። ምድር ላይ ጨርቅ መደብርና ኬክ ቤት፣ ሁለተኛው ላይ ልብስ ሰፊዎች፣ ሦስተኛው ላይ ፔንሲዮን። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ሰይድ የጨርቅ መደብሩ ባለቤት ናቸው፤ አባታቸው ከወሎ መጥተው የከፈቱት ነው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጣቃ ጨርቅ ግን አሁንም ራሳቸው ያወርዳሉ።

የመጣሁበትን ስነግራቸው "ስንተኛው ነህ መሰለህ?" አሉና ማኪያቶ አዘዙልኝ። ከዚያ የሕንፃውን መስመር የምትጠብቀውን ኤሌክትሪሽያን ጠሩልኝ። ሐና ትባላለች፤ ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው፤ የመብራት መፈተሻዋን እንደ እስክርቢቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ነው የምትሄደው።

"ጋሼ፣ ከየት ልጀምርልዎ?"

"ከምታታልሉበት።"

"እሱ ሰፊ ነው፣ ቀኑ አይበቃንም። ከምድጃው እንጀምር።"

ኬክ ቤቱ ጓዳ ወሰደችኝ። ምድጃው እየጋገረ ነው፤ በመስታወቱ ዳቦው ሲነፋ ይታየኛል። "ጎኑን ይንኩት" አለችኝ። የጋጋሪ እጅ ስለሆነ ብዙ አይፈራም፤ ነካሁት። ለብ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። የእኔን ምድጃ ጎን የነካ ቆዳውን ትቶ ነው የሚሄደው። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሰው የዳቦ ቤቴን ግድግዳ ተደግፎ ይሞቃል፤ እኔም ጽድቅ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዳቦ ሊያበስል የሚገባው እሳት ነው አስፋልቱን የሚያሞቀው።

አምፖሉን፣ ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራውን የደረጃ መብራት፣ የኬክ ቤቱን አዲስ ፍሪጅ አሳየችኝ። ብሬከሩ ለመጨረሻ ጊዜ የወደቀው መቼ እንደሆነ አታስታውስም። ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ ግን የውኃ ማሞቂያው የድሮ ነው፤ ዝጓል፣ ሥሩ ባልዲ ተደቅኖለታል። "ይሄስ?" ስላት "እሱን ጋሽ ሰይድን ይጠይቁ" ብላ ቀድማኝ ወረደች።

ጋሽ ሰይድ የልኬቱን ወረቀት አውጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ማታ ትምህርት ቤት ነው። ጣቴን ካላስቀደምኩ ማንበብ አልችልም። እሳቸው ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ እኔ ገና ምድሩ ላይ ነበርኩ። በአንድ በኩል "ከለውጡ በፊት"፣ በሌላው "ከለውጡ በኋላ" ይላል። የምድሩ በፊቱ ብዙ ነው፣ በኋላው ትንሽ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጣቴ ቆመ። በፊቱም ምንም ያህል አይደለም።

"ሦስተኛ ፎቅ ያን ሳምንት ባዶ ነበር እንዴ?" አልኳቸው።

ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አወለቁ። "ስንት ሰው ይህን ወረቀት አይቷል፣ ወንድሜ። ይህን የጠየቀኝ አንተ ነህ። ሙሉ ነበር። አንድ አልጋ አልተረፈም።"

"ታዲያ?"

"አጠፋን። ለኪዎቹ ሊመጡ ሲሉ እኔ ነኝ ወጥቼ 'አጥፉ፣ ብዙ እንደምንፈጅ አይዩ' ያልኩት። ኬክ ቤቱ እምቢ አለ፣ የሠርግ ትዕዛዝ ነበረበት። የፔንሲዮኑ ባለቤት ግን አከበረችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ውኃ በከሰል አሞቀች።"

"ለኪውን የሸወዱ መስሏቸው" አለች ሐና። "አብሩ ብዬ ለምኛለሁ። አራዳ ነን ብለው ራሳቸውን ሸወዱ።"

"ዝም በይ አንቺ፤ እውነቷን ነው" አሉ በአንድ ትንፋሽ። "ድጋፉ የሚሰላው በበፊቱና በኋላው መካከል ባለው ልዩነት ነው። እሷ ልዩነት አልነበራትም፤ ምንም አላገኘችም። ያው ባልዲዋን ደቅና ተቀምጣለች። ሰላምታዬን አትመልስም፤ አልፈርድባትም።"

የእኛ ልኬት ሐሙስ ነው። እዚያው ባንኮኒ ላይ ለአየለ ደወልኩ።

"አየለ፣ ሐሙስ እንዳታጠፉ። ሁሉም እንደ ወትሮው ይብራ።"

"ቅዳሜ አጥፉ፣ ዛሬ አብሩ። ፒያሳ ምን አጠጡህ፣ ተሾመ?"

"ስማኝ፣ የምሬን ነው።"

"በላቸው እዚህ ነው፤ 'ምድጃውን ማጥፋት አንጀቱ አልችል ብሎ ነው' ይልሃል።" ከኋላው የበላቸው ሳቅ ተሰማኝ። ተዘጋ።

ጋሽ ሰይድ ሁሉንም ሰምተዋል። ወረቀቱን ይዘው ተነሱ፤ ፎቶ ኮፒ አስነስተው ተመለሱ። በጀርባው በእጃቸው ጻፉበት፤ ለእኔ ብለው ፊደሉን አራርቀው። "ይህ ስሕተት የእኔ ነው። በልኬት ሳምንት አጥፉ ብዬ ጎረቤቴን ጎድቻለሁ። እናንተ አትድገሙት።" ፈረሙበት፤ የመደብራቸውን ማኅተምም መቱበት።

"ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ እርስዎን ያሳፍራል እኮ።"

"ያፈርኩትንማ አፍሬያለሁ። ቢያንስ አንድ ምድጃ ያትርፍልኝ።"

እኔ ሰው ማመስገን አይሆንልኝም፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ይሰነቀራል። ያን ቀን ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። እሳቸው እጃቸውን እየነጠቁ "ምን ነካህ፣ ሸይኽ አደረግከኝ እንዴ" አሉ። ሐና ወደ ጎን ዞራ ሳቀች። ልትሸኘኝ እስከ ታክሲው መጥታ "ለኪዎቹ ሲመጡ ከምንጊዜውም በላይ አብሩም አትበሏቸው፤ እንደ ወትሮው ብቻ" አለችኝ። ይህን ባትነግረኝ ወደዚያኛው ስሕተት እገባ እንደነበር ለራሴ አልክድም።

ረቡዕ

በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ። ሸኖ አልቆምንም። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ደብረ ብርሃን ነበርኩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራታችን ወይዘሮ አስካለ ሳሎን ተሰበሰብን። አስካለ የሐሙሱን ከሰል ከነማዳበሪያው ኮሪደር ላይ አቁማዋለች።

መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ወረቀቱን አንብቤ ዝም ልል ነበር። የሌላ ሰው ስሕተት ነው፤ የሌላ ሰው ማኅተም አለበት። ጣቴን አስቀድሜ አነበብኩት። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ማንም አላቋረጠኝም። ስጨርስ በላቸው "አጥፉ ያልከን ግን ሰይድ አይደለም" አለ።

"አይደለም። እኔ ነኝ" አልኩ። "ተሳስቻለሁ። አስካለ፣ ብትሰሚኝ ኖሮ ምንም ሳታገኚ ትቀሪ ነበር። ምድጃዬን ብታስወጡ እንኳ ነገ አታጥፉ።"

አየለ ጣራውን ያያል። ወይዘሮ አስካለ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ከሰሉን በእግሯ ወደ ጓዳ ገፋች። "ተሾመ ተሳስቻለሁ አለ" አለ በላቸው፣ "ይሄንንም በጽሑፍ አድርገው፤ የሚያምነኝ የለም።" ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ አምፖል ብቻ አይደለም። ያተረፈ ሰው ሁሉ ምክር አለው፤ በነጻም ይሰጥሃል። የከሰረበትን አውጥቶ ለማያውቀው መንገደኛ የሚያስነብብ ግን በስልሳ ዓመቴ አንድ አገኘሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰውን ሳማ ኖሬአለሁ፤ እንደሱ ያሉ አንድ ሁለቱን ሳላይ ያለፍኩ ይመስለኛል።

ሐሙስ በሁለት ሰዓት ከለኪዎቹ አንዱ መጣ። መሣሪያውን በየቤታችን መስመር ላይ አሰረ። ምድጃዬ ይጋግራል፣ የአየለ ፍሪጅ ያጉረመርማል፣ ላይ ውኃ ይሞቃል። ሰዓት ሳይሞላ ብሬከሩ ወደቀ፤ ሕንፃው ጸጥ አለ። ሁላችንም ወደ ኮሪደሩ ወጣን። የሁሉም ዓይን እንደ ልማዱ ወደ እኔ ዞረ፤ ስድቡን ጠበቅኩ። በላቸው ግን በእኔ በኩል አልፎ ወደ ለኪው ሄደ።

"ወንድሜ፣ ይሄም ይጻፍልን" አለው። "በየቀኑ እንደዚህ ነን።"