ምሰሶ አሥራ ሰባት ላይ ያለው ጎጆ

ፒንሳ ብለው ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። እውነተኛ ስሙን የሚጠሩት የደመወዝ ክፍሉና፣ ስትቆጣ ደግሞ ሚስቱ ናቸው። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያ ስድስቱን ያሳለፈው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ነው። ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ይላል፤ የመሣሪያ ቦርሳው ነው እንዲህ ያደረገው። ሚስቱ "የሰው መብራት ሲጠፋ እንደ እሳት አደጋ ትሮጣለህ፣ የራስህ ጓዳ አምፖል ግን ከተቃጠለ ሁለት ወሩ" ትለዋለች። እውነቷን ነው።

ስሙ የመጣው ከእጁ ከማይለየው ፒንሳ ነው። አንድ ጊዜ "ጠፍቷል" የተባለ ሽቦ ሲቆርጥ መብራቱ አልጠፋም ነበር። እጀታው በላስቲክ የተሸፈነ በመሆኑ ሰውየው ተረፈ፤ የመቁረጫው ጥርስ ግን መሐሉ ላይ በሩዝ ፍሬ ልክ ተሸረፈ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው "አዲስ ውሰድ እንጂ" ቢለው፣ "ከሞት ያተረፈኝን ልጥለው ነው?" ብሎ በዚያው ቀጠለ።

ፒንሳ የሚጠብቀው መሥመር ረግረጉን አቋርጦ እስከ ከተማው የውሃ ፓምፕ የሚደርስ ነው፤ አርባ አንድ ምሰሶ። ድሮ ሽመላዎቹ ጎጇቸውን የሚሠሩት በረግረጉ ዳር በነበሩት ትልልቅ ዛፎች ላይ ነበር። ዛፎቹ አንድ በአንድ ከሰልና ሳንቃ ሆነው አለቁ። ረግረጉም ከዳር ከዳሩ እየደረቀ እርሻ ሆነ። ለሽመላ የቀረላት ረጅም ነገር የእኛ ምሰሶ ብቻ ነው።

ፒንሳ ለወፍ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም። በጉልበቱ ዘመን ጎጆ በመንጠቆ እየገፋ ጥሏል፤ እንቁላል ያለበትንም ጭምር። ጥሎም ምሳውን በልቷል። የለወጠው ቁጥር ነው። ያልተጠየቀውን ነገር በፍተሻ ቅጹ ጥግ ላይ የመጻፍ ልማድ አለው፤ የጎጆውንም ቁጥር በየዓመቱ ይጽፍ ነበር። ስልሳ ሦስት። አርባ። ሃያ ስምንት። ዘንድሮ አሥራ ሁለት። "ይኼን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም" ይላል።

ዘንድሮ ታዲያ በሦስት ሳምንት ውስጥ መሥመሩ አምስት ጊዜ ጠፋ። ምክንያቱ በብልሽት መዝገቡ ላይ "ወፍ" ተብሎ ሰፈረ፤ ትእዛዝም ወጣ፦ አሥራ ሁለቱም ጎጆ ይፍረስ። ፒንሳ ግን ማፍረሱን አዘገየና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። አንድ ጊዜ ቢደግም ከምሰሶ ሥራ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ነው በየቢሮው እየዞረ የለመነው። ከማዕዘን ብረት የተበየደ መቀመጫ አሠርቶ ነበር፤ ምሰሶው ጫፍ ላይ ሲታሰር ጎጆውን ከሽቦዎቹ በላይ ሜትር ተኩል ከፍ የሚያደርግ። አለቃው አንድ ሙከራ ፈቀደለት። ምሰሶ አሥራ ሰባት፣ አርባ ደቂቃ። የከተማው የውሃ ታንከር ያለ ፓምፕ የሚቆየው ለዚያ ያህል ብቻ ነው። ካልተሳካ ሁሉም ጎጆ በማግስቱ ይወርዳል።

አለቃው በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ ምሰሶ መውጣት የተማረውም ከራሱ ከፒንሳ ነው። ሰላም ሲሆኑ "ጋሼ፣ አንተ" ይለዋል። ሲቆጣ "እርስዎ" ይላል። "ሲያከብረኝ ነው የምደነግጠው" ይላል ፒንሳ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ምሰሶ አንድ ሥር ያለውን ማብሪያ አውርዶ በራሱ ቁልፍ ቆለፈና መክፈቻውን ደረት ኪሱ ከተተ። በዚህ ሥራ የማይጣስ ሕግ ቢኖር ይኼ ነው፤ ማብሪያውን የቆለፈው ሰው ራሱ ካልከፈተው ማንም አይከፍተውም። ምሰሶ ላይ ያለ ሰው ነፍሱ ያለችው በዚያች ቁልፍ ላይ ነው።

አብራው የወጣችው የመሥመር ሠራተኛ "እሳቷ" የሚሏት ናት። ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ምላሷን የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ሽቦው መሞቱን በመሞከሪያ ዘንግ ሁለቴ አረጋገጡ፣ ድንገት መብራት ቢለቀቅ ወደ መሬት እንዲሄድም በማሰሪያ ከመሬት ጋር አገናኙት። እሷ ገመዱን ይዛ ታች ቆመች፤ እሱ ወጣ።

ሁለቱ ትልልቅ ሽመላዎች መንቆራቸውን እያንቀጫቀጩ ተነስተው ከበላዩ መዞር ጀመሩ። ጎጆው ውስጥ ሦስት ጫጩቶች አሉ፤ ክንፋቸው ገና ላባ እያወጣ ነው። ሁለቱን አንስቶ ጆንያ በተነጠፈበት የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ አደረጋቸው። ሦስተኛውን ግን አላነሳውም። መጀመሪያ ብረቱን ማሰር ፈለገ።

"ስንት ሆነ?" አለ ወደ ታች።

"አሥራ አራት ደቂቃ። ጋሼ፣ ወፏ ካንተ ቶሎ ቤት ትሠራለች!"

"እሷ ፈቃድ አትጠየቅም!"

ብሎኖቹ በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ጠበቁ። በምዕራብ በኩል በዚህ ወር መታየት የሌለበት ደመና ቆሟል። እሷ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳትነቅል፣ "ነጎድጓድ ከሰማሁ አወርድሃለሁ፤ አልሰማሁም እንዳትል!" አለች።

ወደ ሦስተኛው ጫጩት ተመለሰ። ሲያነሳው ጫጩቱ ጮኸ፤ እግሩ ጎጆው ውስጥ ቀርቷል። እንጨቱን ገለጥ አድርጎ አየ። እግሩ ላይ ነጭ ሽቦ ሦስት ዙር ተጠምጥሞ ቆዳውን በልቶ ገብቷል። የሽቦው ሌላ ጫፍ በጎጆው ሥር አልፎ ወደ መሥመሩ ተንጠልጥሏል፤ መብራት ከሚሸከመው ሽቦ የሚርቀው አንድ ጣት ብቻ ነው። ነፋስ ሲወዘውዘው ከሽቦው ጋር ይነካካል። መሥመሩ የሚጠፋው በዚህ ነበር።

ቁራጩን ያዘና ጫፉን ተመለከተ። ከዚያ በእጁ የያዘውን ፒንሳ ተመለከተ።

"ጋሼ! ምን ሆንክ?"

ሽቦውን በስኒ ላይ ስናስር፣ "ስኒ" የምንለው ሽቦው የሚቀመጥበትን ሸክላ ነው፣ የተረፈውን ማሰሪያ ቆርጠን "ራስ!" ብለን ወደ ታች እንለቀዋለን። ሁላችንም እንለቀዋለን። ስንማር ያየነው ነው፣ ስናስተምርም ያሳየነው። ታች የወደቀውን ማንም አይለቅምም። ሽመላ ዛፍ ጠፍቶ ጭራሮ ስታጣ የምትለቅመው ያንን ነው። ፒንሳ የያዘው ቁራጭ ደግሞ ጫፉ መሐል ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጉጥ ነበረው። የትኛው መቁረጫ እንዲህ እንደሚቆርጥ ያውቃል። እጁ ላይ ነው።

"የኔ ነው" አለ።

"ምኑ?"

"ሽቦው። የኛ ነው፣ የኔ። ጎጆው በሙሉ በኛ ሽቦ ነው የተሠራው።"

የጫጩቱን እግር ነፃ ለማውጣት ሦስት ጊዜ ቆረጠ፤ የሚቆርጠው በሚንቀጠቀጥ ሥጋና በሽቦ መካከል ነበር። ሦስተኛው ላይ ደም ወጣ፤ ግን ተላቀቀ። ሣጥኑ ውስጥ አኖረው። ሃያ ሰባተኛው ደቂቃ ሆነ።

አሁን ሁለት ምርጫ ነበረው። ጎጆውን እንዳለ አንስቶ ብረቱ ላይ ማስቀመጥ፤ ለዚያ ጊዜ ይበቃዋል። ግን ሽቦው ውስጡ እንዳለ ይቀራል፣ አንዱ ጫፍ በሳምንት ውስጥ ይንጠለጠላል፣ መሥመሩ ይጠፋል፣ ጥፋቱም ተመልሶ ወፍ ላይ ይጻፋል። ያን ጊዜ አሥራ ሁለቱም ይወርዳሉ። ወይም ደግሞ ሽቦውን አንድ በአንድ መልቀም።

መልቀም ጀመረ። የሚነቅለውን ወደ ታች መልቀቅ ትቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። አራት። ሰባት። አንዳንዱ በጭቃና በኩስ ተጣብቆ አልነቀል አለ። አሥራ አንድ።

በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ሬዲዮው ጮኸ። "ጋሼ፣ ጨረስክ?"

እሳቷ ሬዲዮውን አነሳች። "ገና ነው። ሽቦ አለበት፣ እየለቀመ ነው።"

"የምን ሽቦ? ሁለት ደቂቃ ነው ያለው! ጎጆውን ጥሎ ይውረድ።"

"ጫጩት አለበት።"

"ታንከሩ አልቋል እያሉኝ ነው! ንገሪው!"

ጮክ ብላ ነገረችው። ከላይ "አሥር ደቂቃ!" የሚል ድምፅ መጣ። ለአለቃው አስተላለፈች። እሱም በሬዲዮው፣ "እርስዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዳለብዎት ይታወቃል" አለ። "እኔ ምሰሶ አንድ እየደረስኩ ነው። ቁልፉን የምቆርጥበት መጋዝ ይዣለሁ።"

እሳቷ ሬዲዮውን ወደ አፏ አስጠጋች። "ላይ ሰው አለ! ሰምተሃል? ሰው ምሰሶ ላይ ነው!"



ፒንሳ ከላይ ሆኖ ሁሉንም ያያል። አሥራ ስድስት ምሰሶ ወዲያ፣ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ አቧራ እያስነሳ መጥቶ ምሰሶ አንድ ሥር ቆመ። ሰው ወረደ። እጁ ላይ የሆነ ነገር ያብለጨልጫል። ማብሪያው ጋ ደርሶ ቆመ።

"ጋሼ ውረድ!" አለች እሳቷ። ድምፅዋ ውስጥ አሁን ቀልድ የለም። "በልጆችህ ይዤሃለሁ ውረድ!"

"የመሬቱ ማሰሪያ አለ" አለ እሱ። ማሰሪያው ይከላከላል፤ ግን ቁልፉ ተቆርጦ መብራት በተለቀቀበት መሥመር ላይ በማሰሪያ ተማምኖ የሚቆም ሰው የለም፣ ይኼን እሱ ራሱ ነው ሲያስተምር የኖረው። እጁ ግን ጎጆው ውስጥ ነው። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። ዓይኑ አንዴ ሽቦው ላይ፣ አንዴ ሩቅ የቆመው ሰው ላይ።

ያ ሰው አጎነበሰ። ቁልፉን በእጁ ያዘ። ቀና አለ። ወደ ምሰሶ አሥራ ሰባት ተመለከተ፤ ከዚያ ርቀት ፒንሳ ለእሱ የክብሪት እንጨት ያህል ነው የሚታየው። እንደገና አጎነበሰ። ከዚያ መጋዙን ፒካፑ ውስጥ ወርውሮ መኪናው ላይ ተደገፈና እጆቹን አጣጠፈ።

እሳቷ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

ሃያ ሦስተኛው ቁራጭ የመጨረሻው ነበር። ጎጆውን በሸራ ጠቅልሎ፣ እሷ በገመድ እየሳበች እሱ እየደገፈ፣ ብረቱ ላይ አሳረፉት። ጫጩቶቹን መለሰ። የቆሰለው በአንድ እግሩ ተቀመጠ። ከዚያ ወርዶ እግሩ መሬት ነካ። የመሬት ማሰሪያውን ፈትተው በመኪና ምሰሶ አንድ ደረሱ። አራት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ላይ ቁልፉን ከፈተ፣ ማብሪያውን መለሰ። መሥመሩ ያዘ። ጎጆውን ለማየት ሦስቱም ወደ ምሰሶ አሥራ ሰባት ተመለሱ።

አለቃው አልጮኸም። መዝገቡን አወጣ። "አሥራ ሦስት ደቂቃ አሳልፈሃል። የላይኛው ሠፈር ውሃ ተቋርጧል፤ ስልኬ እየተቃጠለ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?"

ፒንሳ ቦርሳውን የመኪናው ኮፈን ላይ ገለበጠ። ሃያ ሦስት ቁራጭ ሽቦ ተንኳኳ። "መዝገቡን ስጠኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

በምክንያት ረድፍ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "በሠራተኛ ተቆርጦ የተጣለ ማሰሪያ ሽቦ። ያለፉት አምስት ጥፋቶችም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።"

አለቃው አነበበና አንድ ቁራጭ አነሳ። ጫፏን አየ፤ የዚያን ፒንሳ አቆራረጥ እሱም ያውቀዋል። "ጋሼ፣ ይኼን ከፈረምክ ጥፋቱ ካንተ ላይ አይነሳም። ወፍ ካልነው ግን ሰበብ አለህ።"

"ወፍ ካልከው ነገ አሥራ አንዱን አፍርስ ትለኛለህ።"

"ትእዛዝ ነዋ!"

"ትእዛዙ የቆመው ወፍ በሚለው ላይ ነው። ይኼን ብፈርም በምን ይቆማል?"

አለቃው ቁራጩን በእጁ አገላበጠ። ቆይቶ፣ "እኔም እንዲሁ ነው የምጥለው" አለ ቀስ ብሎ። "ያስተማርከኝ አንተ ነህ።"

"እኔ ነኝ። ለዚህ ነው የምፈርመው።"

እሳቷ ጣልቃ ገባች፤ "እንግዲህ ሁላችሁም ጥፋተኛ ናችሁ፣ እኔም ጭምር። ወፏ ብቻ ናት ንጹሕ፤ እሷም እዚያ መኖሯን እንጃ።"

ሦስቱም ዞረው አዩ። ሽመላዎቹ ጎጆው ላይ አልነበሩም። አንዷ ምሰሶ አሥራ ስምንት ላይ፣ መብራት ባለበት ሽቦ አጠገብ ቆማ ነበር። ክንፏን ብትዘረጋ ሁለቱን ሽቦ ነክታ ትቃጠላለች። የአለቃው ስልክ ደጋግሞ ጠራ፤ አላነሳም። ፒንሳ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ማንም መኪና ውስጥ አልገባም።

ከዚያ ወፏ እግሯን አጥፋ ክንፏን ሳትዘረጋ ወደ ታች ተወረወረች፤ ነፋሱን ስትይዝ ብቻ ዘረጋችው። ዞራ መጣች። ብረቱ ጠርዝ ላይ አረፈች፣ ተንገዳገደች፣ ወደ ውስጥ አጎነበሰች።

ፒንሳ ፈረመ።

አለቃው መዝገቡን ተቀብሎ ዘጋው። "ከዛሬ ጀምሮ ታች ነህ ጋሼ" አለ፤ "እርስዎ" አላለውም። "ቀበቶህን አምጣ።"

ፒንሳ የመውጫ ቀበቶውን ከወገቡ ፈታ። ዘለበቱ ጠንክሮ ስለነበር ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ለአለቃው ሳይሆን ለእሳቷ ሰጣት።