ሰባተኛው አያት

ወደ እስራኤል ልንሄድ ከጎንደር የወጣን ለት ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። እናንተዬ፣ ሻንጣዬን ብታዩት! ሌላው ሰው በርበሬና ሽሮ ሲጭን እኔ ተረት የጻፍኩባቸውን አሥራ አንድ ደብተሮች አጭቄ፣ ክብደቱ ቢያልፍብኝ ሽሮውን አወረድኩት። ታናሽ እህቴ ውዴ፣ «እዚያ ሲርብሽ ደብተርሽን ቀቅለሽ ብዪ» ብላ ሳቀችብኝ። እሷና አባባ ተራቸው አልደረሰም ተብለው ቀሩ። «በወር በሁለት ወር ትከተሉኛላችሁ» ብያቸው ነበር። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነ።

እንደገባሁ አንድ ሹም በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሞያሽ?»

«ደራሲ ነኝ። ለልጆች እጽፋለሁ።»

«ልጆች ትወጃለሽ ማለት ነው?»

«እወዳለሁ፤ ግን እኮ...»

«ቤሰደር! መልካም!» አለና ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ካለ መዋዕለ ሕፃናት በረዳትነት ላከኝ። ያኔ ጨሼ ነበር። አሁን ግን ሰውየውን ባገኘው ምሳ እጋብዘዋለሁ። አፍንጫ እየጠረግሁ ተረት ሳወራ ነው ጽሕፈት የተማርኩት። የአምስት ዓመት ልጅ ሲሰለቸው እንደኛ አገር ልጅ አንገቱን ደፍቶ አይታገሥም። «ያላ፣ ጅቡ ይምጣ!» ብሎ ይጮህብሻል። ሌላው ቢቀር ሙቀቱን ለመድኩት፤ መተማ የከረመ ሰው አይከብደውም። ይሄን የልጆቹን ድፍረት ግን ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ አራት የልጆች መጽሐፍ አወጣሁ። እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ልጄ ወደ ዕብራይስጥ ትመልሰዋለች፣ ስትመልስም ታርመኛለች። ግን ከእሷ የባሱ አራሚ አሉ፤ ጎረቤታችን ጋሽ ታከለ። አንድ ቀን ከሱቁ ደጃፍ አስቆሙኝና፣ «ያቺ መጽሐፍሽ ላይ ያለችው ልጅ ከየትኛው ወገን ናት?» አሉኝ።

«ጋሽዬ፣ የለችም እኮ። ፈጠራ ናት።»

«ብትፈጥሪያትስ! ያለ ዘመድ ሜዳ ላይ ትጥያታለሽ?»

አፈርኩ። እውነት ነው፣ አፈርኩ።

ስለዚህ አምስተኛውን፣ ለወጣቶች የጻፍኩትን፣ በጥንቃቄ ያዝኩት። አንዲት ልጅና አንድ ልጅ ባቡር ላይ ተዋውቀው ይዋደዳሉ። መቼም ታውቃላችሁ፣ በእኛ በቤተ እስራኤል እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አይጋባም። ሽማግሌ ተቀምጦ የሁለቱንም ወገን ሰባት አያት ይቆጥራል። እኔም እንዲቆጠር አደረግሁ። ለልጅቷም የራሴን ወገን ሰጠኋት፤ እንግዲህ ዘመድ ካማረን ከቤት ይጀመር ብዬ። ለካ የማውቀው ስድስት ብቻ ኖሯል! ልጅ ሳለን አባባ ሲያስቆጥሩን እኔ ሁልጊዜ ሰባተኛው ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አርታኢዬ ሮኒት ግራ ገባት። «ስሞቹ በዙ። ሦስት ይበቃል፤ አንባቢ ይዘላቸዋል።»

«ሦስት ብቻ ከቆጠርን እኮ ዘመዳሞች ልናጋባ ነው።»

«ልቦለድ ነው! ሰባተኛውን ፍጠሪው በቃ።»

«የእናንተ ሰው ልቦለድ ያነባል። የእኛ ሽማግሌ ዘር ይቆጥራል።»

ሳቀች፤ ግን ማተሚያ ቤቱ እስከ ሐሙስ ብቻ እንደሚጠብቅ ነገረችኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ሐሙስ አልነበረም። ከአባባ በቀር ያንን ስም የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም።

ውዴ ጋ በቪዲዮ ደወልኩ። ስደውል ሁሌ «ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል» ነው መልሷ። እኔም ሞኟ አምናለሁ። እዚያ ያለ ሰው ውጭ ላለ ሰው ክፉ እንደማያወራ እያወቅሁ!

«ዛሬ ይቅር፣ ደክሟቸዋል» አለችኝ።

«አንዲት ስም ብቻ ናት ውዴ፣ በሞቴ!»

ስልኩን ወሰደችላቸው። ፊታቸውን አየሁ፤ ከስተዋል። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ሰባቱን ቤት ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው።

ቀና አሉ። «እኔ ይርጋ፣ ይርጋ የአድማሱ፣ አድማሱ የወርቁ፣ ወርቁ የፈረደ፣ ፈረደ የተሰማ፣ ተሰማ የእንግዳ፣ እንግዳ የጎሹ!» አንዴም አልተደናቀፉም።

ጎሹ! ጽፌ ሳበቃ በደስታ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አሉኝ። «የዛሬ ልጅ ይህን አይጠይቅም። ለመሆኑ አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

ውዴ ስልኩን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች።

«የእርስዎ ነኛ፣ አባባ።»

ሳቁ። «የኔዋማ እስራኤል ናት። ለልጆች መጽሐፍ ትጽፋለች። እዚያ ካገኘሻት አባትሽ ደህና ነው በያት፤ አደራ፣ እንዳታስብ።»

«እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩ።