የትልቁ ግድግዳ አረንጓዴ

ዛሬ ልጄ የቀለም ቆርቆሮ ስትከፍት ሽታው ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ፤ እዚሁ ቡራዩ፣ እዚሁ ቤት።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ነበር። መንገዱም ሱቁም ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ፣ የጎማ ጭስ በመስኮት ይገባል። አዲስ አበባ ወደ እኛ ስለምትሰፋ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ይባላል። መውጫ ያጣው አባቴ የተረፈ ቀለም አውጥቶ ሳሎኑን መቀባት ጀመረ።

ጎረቤታችን ከአጥር ማዶ «ኦቦ ቶሌራ፣ ለግሬደሩ ነው የሚያሳምሩት?» ብለው ቀለዱበት።

«ዛሬ የምተኛበት እኔ ነኝ» አላቸው።

አንድ ጣሳ ሰማያዊ ከሦስት ጣሳ ቢጫ ቀላቅለን ትንሹን ግድግዳ አረንጓዴ ቀባነው። ትልቁ ግድግዳ እጥፍ ይፈልግ ነበር። ሁለት ጣሳ ሰማያዊና አራት ጣሳ ቢጫ ገልብጬ ማማሰል ስጀምር እጄን ያዘኝ።

«ቱሪ! ቆይ! ምን አደረግክ?»

«በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጨመርኩ። እኩል ነው፣ አባዬ።»

«እኩል ይመስላል። ሰማያዊው እጥፍ ሆነ፤ ቢጫው ግን አልሆነም። አንዱ ብቻ እጥፍ ካደገ ሌላውን ይውጠዋል።»

ይህን ሲል የሚያየው ባልዲውን ሳይሆን በመስኮቱ ወደ አዲስ አበባ ነበር። የቀረውን ሁለት ጣሳ ቢጫ ስንጨምር ሁለቱ ግድግዳዎች አንድ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልተመለስኩም፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት በራሴ አንብቤ ነው። ልጄንም እኩል መጨመር ሁልጊዜ ፍትሕ እንዳልሆነ አጥብቄ አስተምራታለሁ።

ቤቱ አልፈረሰም። ዙሪያውን ግን ፎቅ ስለከበበው፣ ግድግዳውን ለማየት በቀትርም መብራት እናበራለን።