ሰክሮ ቢሞት ኖሮ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ባሕር ዳር አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አርፈው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል፤ የእድሩ ሴቶች ንፍሮ ያዞራሉ። አጠገቤ የነበረች ሴት እጇን ጉልበቴ ላይ አሳርፋ፣ «እህቴ፣ እምነት ባይኖር እኮ ሰው በሐዘን ያብድ ነበር» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። ንፍሮውን ግን ሳልቀምስ አስቀመጥሁት። ወንድሜ በላቸው ትዝ አለኝ።

በላቸው ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበር። ባጃጅ ገና ጋሪን ከመንገድ አላስወጣም ነበር፤ ሥራው ጥሩ ነበር። ያገኘውን ግን አረቄ ቤት አራግፎ ጋሪው ላይ ይተኛል፤ ፈረሱ ራሱ መንገዱን አውቆ ቤቱ ያደርሰዋል። ሚስቱ ውዴ ፊቷ ባበጠ ቁጥር «በር መታኝ» ትለን ነበር። በመጨረሻ ልጇን አዝላ ጫግኒ ወላጆቿ ዘንድ ገባች።

እሷን ሊለማመጥ ወደ ጫግኒ ወረደ። እዚያ ሰንብቶ ሳለ አንድ ሰው ጴንጤዎች ጸሎት ቤት ይዞት ገባ። ምን እንደሰማ አላውቅም። ሲመለስ ግን ውዴ ከኋላው፣ ልጁ ትከሻው ላይ ነበሩ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አረቄ አልቀመሰም።

እናቴ ጥሩሰው መጠጡን እንዲተው ለታቦት ጃንጥላ ተስላ ነበር። ልጇ መጠጡንም ሃይማኖቷንም አብሮ ሲተው፣ ትደሰት ታልቅስ ግራ ገባት። ጃንጥላውን አስገባች። በላቸው ሊጠይቃት ሲመጣ ደግሞ ትኩስ ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ ታቀርብለትና ራሷ ሳትቀምስ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነበር፤ ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ። በላቸው ጭቃ የያዘውን ጋሪ ሊያላቅቅ ሲታገል ፈረሱ ሆዱን ረገጠው። ሆስፒታል አደረስነው፤ ውስጡ ደም ፈስሶ ኖሮ ጎህ ሲቀድ አረፈ።

እናቴ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ በቤተ ክርስቲያን ይቀበርልኝ ልትል የንስሐ አባታችን ቤት ሄደች፤ ተከተልኳት። እሳቸው በላቸውን ያጠመቁት ሰው ናቸው። መስቀላቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ።

«ጥሩሰው ልጄ፣ ከእኛ ወጥቶ ነበር እኮ» አሉ። «ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም።»

«አባ፣ ሰክሮ ቦይ ውስጥ ወድቆ ቢሞት ኖሮስ?»

የቄሱ ዓይን እንባ አቀረረ። «እንቀብረው ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ከነፍትሐቱ?»

«ከነፍትሐቱ።»

«እንግዲያው መጠጡን ትቶ ሰው በመሆኑ ነው የከለከላችሁኝ» አለችና መስቀላቸውን ሳትሳለም ተመለሰች። በዕድሜዋ እንዲህ ያደረገችው ያን ቀን ብቻ ነው።

እድሩም ድንኳኑን አላመጣም። ጎረቤቶቻችን በየበራቸው ቆመው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩናል። አብረውት ይጸልዩ የነበሩት ጥቂት ሰዎች መጡ፤ የራሳቸው መቃብር ግን አልነበራቸውም። ሬሳው እንደተገነዘ ቤት ውስጥ ቀረ። ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች።

«መሬቴ እምቢ አይለኝም» አለች።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በእንጅባራ መንገድ፣ ከአባቷ የወረሰችው የጤፍ ማሳ አላት። ሰይድ የሚባል እስላም ጋሪ ነጂ፣ የበላቸው የሥራ ጓደኛ፣ ጋሪውን አጥቦ ሳር ጎዝጉዞ መጣ። «እማማ፣ እኔ አደርሰዋለሁ» አላት። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ዳገቱ ላይ ጋሪውን ከኋላ ገፋን። ገና የበቀለውን ጤፍ እየረገጡ ሰይድና ጓደኞቹ ቆፈሩ። ጉድጓዱ ውኃ ያቁር ነበር፤ በጣሳ እየጨለፉ አወጡት።

ጴንጤዎቹ ሲዘምሩ እናቴ ጆሮዋን ያዘች። ዝማሬው ሲያልቅ ግን ብቻዋን፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «አባታችን ሆይ በሰማያት የምትኖር» ብላ ጀመረች። እነሱም ቀስ ብለው አብረዋት አሉት። ሁለቱም ወገን ጸሎቱን ያውቀዋል። ታዲያ ምንድን ነው የለያየን ብዬ ሳልጮህ የቀረሁት እናቴን ፈርቼ ነው።

ማምሻውን የእድሩ ዳኛ ሚስት በጓሮ አጥር ሾልካ የሽሮ ወጥና እንጀራ አቀበለችን። «እኔ መጣሁ እንዳትሉ፣ በማርያም» ብላ ለመነችን። ጥሩ ሴት ነበረች። አንጀቴን ያሳረረው ይኸው ነው፤ ሁሉም ጥሩ ሰዎች ነበሩ።

አሁን እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ጉልበቷ ቢደክምም ጾም አታጎድልም፤ እሑድ እሑድ በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን አደርሳትና እኔ ከቅጥሩ በር እመለሳለሁ። ወንድሜን ከአረቄ ያወጣው እምነት ነው። ያለ ቀባሪ ያስቀረውም እምነት ነው። ከዚያ ሐዘን በኋላ እናቴን ደግፎ ያቆማትም ሌላ አይደለም። ስለዚህ እንደ አንዳንድ ሰው አፌን ሞልቼ ልረግመው አልችልም፤ ላመሰግነውም አንደበቴ አይታዘዝም።

ትናንት ጸሎቷን ጨርሳ አልጋዋ ላይ ጋደም እንዳለች ጠራችኝ።

«አንቺ ተምረሻል፤ እስኪ ንገሪኝ። እኔ በሃይማኖቴ ጸንቼ ብጸድቅ፣ በላቸውን እዚያ አላገኘውም ማለት ነው?»

«ታገኚዋለሽ፣ እማዬ» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።