ጭላሎ ያልደረስንበት የሙከራ ጉዞ

ከአሰላ ወደ ጭላሎ የሚወጣውን የእግር መንገድ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ። አስጎብኚነትን ማንም አላስተማረኝም፤ ከፈረሴና ከጉሙ ነው የተማርኩት። ስለዚህ የከተማችን የቱሪዝም ዕቅድ አውጪዎች «ወደ ተራራው ከሚወስዱት ሁለት መንገዶች አንዱን መርጠን እናስተዋውቃለን» ሲሉ፣ የኔው እንደሚመረጥ ለሰፈሩ ሁሉ አስቀድሜ አወጅኩ። ሌላኛው ቢመረጥ እንግዳው በዚያ ሊያልፍ፣ እኔ ደግሞ ከነፈረሴ ድንች ላመላልስ ነው!

መንገዱን የምትገመግም አንዲት ባለሙያ መጣች። ሰዓቷን እያየች የምትራመድ፣ ቀልዴ የማያስቃት።

«ጋሼ፣ ጫፍ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ከሌላ ሰው ጋር ስድስት። ከኔ ጋር አራት።»

ጻፈችው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ብቻዬን ስወጣ ማንም አያስቆመኝም፣ መልኬ ሰልችቷቸዋል። እንግዳ ይዞ ማለፍ ግን ሌላ ነው። እኛ ጋ እንግዳ በደጅ ሲያልፍ ታይቶ ምንም ሳይቀምስ ከሄደ፣ ስሟ የሚጠፋው የቤቱ እመቤት ናት።

ገና ከከተማው እንደወጣን አንዲት እማማ በራቸው ላይ ቆመው «ኮቱ! ኑ እንጂ!» አሉ።

«እማማ፣ ቸኩለናል፣ ስንመለስ እንገባለን።»

«አንተን ማን ጠራህ? እሷን ነው! ወተቷን ትጠጣና ትሂድ።»

ወተቱን ጠጣች። ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የተሠራው ጩኮ ተከተለ። ስንወጣ ጎረቤታቸው አጥሩ ላይ ሆነው ጠበቁን፤ «እዚያ ቤት በልታችሁ እኔን ልታልፉኝ? ምን በደልኳችሁ?» ገባን። ከዚያ ሦስተኛው ቤት። ከዚያ አራተኛው። ለፈረሴ እንኳን ገብስ ቀረበለት። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ጭላሎ ከፊታችን፣ ጠዋት የነበረበት ርቀት ላይ ቆሟል።

ባለሙያዋ ሣሩ ላይ ተዘርግታ ጫማዋን ፈታች። «ጋሼ፣ አራት ሰዓት አላሉኝም?»

«እህቴ፣ መንገዱን ቆጠርኩ እንጂ ወተቱን አልቆጠርኩም።»

አልሳቀችም። «ሌላኛው መንገድ ላይስ ቤት አለ?» አለች።

መዋሸት አማረኝ፤ ግን ሆዴ ሞልቶ ሰነፍኩ። «የለም። ጥድና ጉሬዛ ብቻ ነው።»

ይሄንንም ጻፈች። በቃ፣ ድንቹ ታየኝ።

በስብሰባው ቀን ከኋላ ተቀምጬ ላቤ ይንቆረቆራል። ተነስታ እንዲህ አለች፦ «ጫፍ መድረስ ለሚፈልግ ሌላኛው መንገድ ይሻላል።» ቀዘቀዝኩ። «ይሄኛው ግን የተራራ መንገድ ተብሎ አይተዋወቅ። ከቤት ቤት እየገቡ የሚጎበኙት መንገድ ነው፣ እንዲህ ያለ ሌላ ቦታ አላየሁም። ሁለቱም ዕቅዱ ውስጥ ይግቡ። ጋሼ ይምሩት፣ ሰዓት ግን አይናገሩ።»

ያን ቀን ማታ ለሰፈሩ «ከመጀመሪያውም አስቤበት ነው!» አልኩ። እማማ ብቻ አላመኑኝም። እስከዛሬ እንግዳ ይዤ ስመጣ ከበሩ ላይ ይጮሁብኛል፤ «ደግሞ እነዚህን ስንት ሰዓት ብለህ ነው ያመጣሃቸው?»

አራት ነዋ! እስካሁን ጫፍ ደርሶ ውሸት ነው ያለኝ የለም።