ይትባረክ የቀዳቸው ቃላት

ይትባረክ ጣና ላይ ድንገተኛ ነፋስ ጀልባውን ገልብጦት ሲሞት ስልኩ ቤት ነበር፤ ቻርጅ ላይ ሰክቶት ነው የሄደው። እህቱ ሸጊቱ የከፈተችው ከአርባው በኋላ ነው። ፎቶውን ፍለጋ ነበር፤ ያገኘችው ግን ድምፁን ነው።

ይትባረክ እንግዶችን ወደ ዘጌ ገዳማት የሚያሻግር አስጎብኚ ነበር። ጃፓንኛ ለመልመድ ብሎ ቃላቱን በገዛ ድምፁ ቀድቷቸዋል። «ሳሙይ፤ ሲበርድ፣ አየሩ። ትሱመታይ፤ ቀዝቃዛ፣ በእጅ ሲነኩት፣ እንደ ውሃ።» ከእያንዳንዱ ቃል በኋላ ዝም ይላል፤ መልሶ እንዲለው ለራሱ የተወው ጊዜ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማል።

መጀመሪያ አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ሳታስበው «ሳሙይ» ብላ መለሰችለት።

«ጎበዝ!» አለ ይትባረክ።

ለራሱ ያለው እንደሆነ ታውቃለች። ቢሆንም ቀጣዩን ቃል ጠበቀች።

ከዚያ ወዲያ ከምትሠራበት ፋብሪካ በተመለሰች ቁጥር ስልኩን ትከፍታለች። እናቷ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው፣ «ተይው ልጄ፣ ነፍሱ ትረፍ። የሞተ ሰው አይጠራም» አሏት።

«እኔ መች ጠራሁት እማዬ? እሱ ጠየቀኝ፣ እኔ መለስሁ።»

እናቷ ይሄዳሉ ስትል ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና፣ «እስቲ ድገሚው» አሉ።

በዓመቱ የይትባረክ ባልንጀራ ኪሩቤል ደወለላት። አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ወደ ዘጌ ሊሻገሩ ነው፤ ቋንቋቸውን የሚሞክር ሰው ጠፍቷል። ሸጊቱ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ጀልባ ረግጣ አታውቅም። ሄደች። መሐል ሐይቅ ላይ እጇን ነክራ «ትሱመታይ» ስትል አሮጊቷ ተገርመው፣ ማን እንዳስተማራት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቋት። ወንድሟ እንደሆነ፣ እዚሁ ውሃ ላይ እንደቀረ ነገረቻቸው።

«እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ያሳሺ» አለች። ደግ።

አሮጊቷ እርጥብ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙና በቀስታ አረሟት። በእሳቸው ቋንቋ ነገሩ ሲያልፍ ቃሉም አብሮ ይለወጣል፤ ደግ ነበር ለማለት «ያሳሺካታ» ነው የሚባለው። ሸጊቱ አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣ አላት።

ዛሬ ሸጊቱ ቅዳሜና እሑድ የጃፓን እንግዶች ታሻግራለች። የትናንቱን ብርድ፣ ያለፈውን ክረምት፣ ሁሉንም በኃላፊ ጊዜ አሳምራ ትናገራለች። ስለ ወንድሟ ሲጠይቋት ግን «ያሳሺ» ትላለች። ያርሟታል። ራሷን ነቅንቃ ታመሰግናለች፤ ሌላ እንግዳ ሲጠይቃትም ያንኑ ትላለች።