ከስሌቱ የቀረው መስቀል

እስከ ዛሬ ያልመለስኳት አንዲት ጥያቄ አለችኝ፤ ያን ቀን መስቀልን ከስሌቱ የተውኩት ረስቼው ነው ወይስ መርሳቱን ፈልጌው?

ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አራተኛ ክፍል ስደርስ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች እግራቸው መሬት አይነካም ነበር። ማካፈል የተማርኩ ሰሞን ያገኘሁትን ሁሉ አካፍል ነበር፤ ከወልቂጤ ገበያ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ሳይቀር በእርምጃዬ።

አባቴ መርካቶ ጨርቅ ሲሸጥ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ወደ እኛ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ነው፤ ልንለምደው ስንል ይሄዳል። በዚያ ዓመት ግን የክትፎው ቅቤ ከጣታችን ሳይለቅ ደብተሬን ይዤ እንድመጣ ጠራኝ። ጉልበቱ ደክሟል። ያጠራቀመው አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ብር ነው። በወር ሃያ ሃያ ብር እያወጣን ብንኖር ስንት ጊዜ ያቆየናል አለኝ። ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ሱቁን አይለቅም። ጥግ ይዛ የእንሰት ቅጠል የምትሰነጥቀው እናቴ እጇ ቆመ።

አካፈልኩ። ሰባ ሁለት ወር ወጣ። መልሼ አባዛሁት፤ እኔ ሳላረጋግጥ አልናገርም።

“ድፍን ስድስት ዓመት፤ ቀሪ የለውም” አልኩት።

ማንበብ የማይችለው አባቴ ደብተሬን ገልብጦ ይዞ ለመጣው እንግዳ ሁሉ “ቀሪ የለውም” እያለ አሳየ። በወሩ የተከራየውን ሱቅ አስረክቦ መቀሱንና ሜትሩን ብቻ ይዞ ከች አለ።

ያ ዓመት ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። አባቴ ቤት መዋል አያውቅበትም። የሚለካ ጨርቅ ሲያጣ የእንሰቱን ቅጠል በሜትር ይለካል። እናቴን ተከትሎ ገበያ ወጥቶ ቆጮዋን እንደ መርካቶ ሰው እየማለ ይሸጥላታል፤ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እሷም በአዘቦት ቀን ፀጉሯን ቅቤ መቀባት ጀመረች። “ኧረ ሂድ ወደ ሱቅህ!” ትለዋለች። ሱቅ የለውም፤ ሁለቱም ይንከተከታሉ።

መስቀል ደረሰ። አባቴ ከአገና ገበያ አንድ ሰንጋ እየጎተተ መጣ። ከቅቤው፣ ከጎረቤቱና ከዘመዱ ድርሻ ጋር መቶ ሃያ ብር ወጣ። ያኔ ነው ደብተሬን ያወጣሁት። በእኛ ቤት የመስቀል ወጪ ወጪ አይባልም፤ ዓመቱን ሙሉ ተሰስቶ የሚኖረው ለእሱ ነው፣ እሱን መቁጠር ነውር ነው። ደብተሩ ግን ነውር አያውቅም። ሁለት መቶ አርባ ላይ መቶ ሃያ ሲጨመር በዓመት ሦስት መቶ ስልሳ ነው። ገንዘቡ የሚያቆየን አራት ዓመት ብቻ ነበር። በእኔ ቃል ሱቁን የለቀቀው አባቴ ክትፎ ሲያጎርሰኝ ደብተሬን ከጀርባዬ ደበቅኩት።

 ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት፣ ወንድ በማይደርስበት ጓሮ ከእናቴ ጋር እንሰት ስንፍቅ ነገርኳት። መፋቋን አላቋረጠችም።

“አራት?” አለችኝ።

“አራት።”

“ያን ቀን አራት ብለሽው ቢሆንስ?”

“ይመለስ ነበር።”

መፋቂያዋ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔም ሳቋ ተጋባብኝ፤ የምናለቅስ መስሎት አባቴ ከወዲያ ማዶ ምን ሆናችሁ እያለ ተጣራ። ሳቋ ሲበርድ ከጀርባችን የተሰለፈውን እንሰት በክንዷ አመለከተችኝ። በየዓመቱ የነቀለችውን ያህል ትተክላለች። የሚቀጥለው ሰንጋ ጉድጓድ ካስቀመጠችው ቆጮ ይወጣል፤ አባቴ ሃያ ብሩን ብቻ ይቁጠር አለችኝ። እኔ ግን ስሌቴ ስህተት ሆኖ እንዲቀር አልፈለግኩምና ለእሱም እንድነግረው ፈቃዷን ጠየቅኳት።

“ንገሪው እንጂ” አለች ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች። “ብቻ መመለሻ እንዳያገኝ፣ ከእሱ በኋላ ሱቁን የተከራየው ሰው መጀመሪያ ይደላደል።”